የባሕር ጠረፍ ርዝመት

ቅጹ ሰባት ገጽ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
የማላውቃቸው አገሮች ስም የተሰለፈበት።
አናቱ ላይ፣ በደማቅ፦ "ባሕራችን ታሟል፤
ከየት እንደጀመረው ሁሉም ይጻፍ፣ መድኃኒቱ ይገኛል።"
ገጽ ሁለት፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ቆምኩ፦
"የባሕር ጠረፋችሁ ርዝመት፣ በኪሎ ሜትር?" አነበብኩ።

ደብረ ብርሃን ነኝ። ጠዋት ነው። ውርጭ አለ።
መስኮቱ ላይ ትንፋሼ እንደ ደመና ተንጠለጠለ።
ጠረፍ? ከዚህ ጠረፍ?
እኛ ያለን ጠርዝ የጣርማበር ነው፣ የገደል አፍ፣
ጭጋግ እንደ ማዕበል ከታች መጥቶ የሚላተምበት፣
ሾፌር መብራት አብርቶ የጸሎት አፉን የሚከፍትበት።

አለቃዬ ጋሽ ሸዋንግዛው መነጽሩን ጠረገና፣
"ዜሮ ብለህ መልሰው፤ ቀጥል፣ ሥራ አለና።"
ዜሮ ጻፍኩ። እስክሪብቶው ግን አልነሣ አለኝ፣
ክቧ ቁጥር እንደ ዐይን አፍጥጣ አየችኝ።
እኔ የበሬሳ ውሃ ለኪ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በጠርሙስ ቀድቼዋለሁ፣
ቀለሙን አይቼ ቀኑን እነግራችኋለሁ፦
ሰኞ ቀይ ከሆነ ማቅለሚያው ቤት ቀይ ክር ነክሯል፣
ሐሙስ ሰማያዊ ነው፤ እሑድ ብቻ ያርፋል፣
እሑድ ብቻ ውሃው ውሃ ይመስላል።
ድልድዩ ሥር ልብስ አጣቢዋ፣ ወይዘሮ አሰገደች፣
ነጭ ነጠላዋን ሐሙስ ነክራ ሰማይ አስመስላ አወጣች፤
ስቃ ስቃ፣ ኋላ ግን አለቀሰች።

ይህ ቀለም የት ይሄዳል?
በሬሳ ጀማን ይዞ ቁልቁል ይነጉዳል፤
ጀማ ዓባይን ያገኛል፤
ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል።
እንዲያ ነበር ድሮ።
አሁን ግንዱም የለ፣ አልቋል ተመንጥሮ፤
ሃይላንድ ነው የያዘው፣ ፌስታል፣ የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ፣
የእኛን ጉድ የሚያወራ ለሌላ ከተማ።

በነሐሴ መጡ፣ ባለ ቅጾቹ፣ ሦስት ሆነው፣
ከባሕሩ ዳር፣ ስስ ጃኬት ለብሰው።
ናጅዋ፣ የደምያጥ ልጅ፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ፣
ብርዱ ሲቆርጣት ሱቅ ገባች፣ ካውራ ጎዳናው ደጅ፤
ቀይ ብርድ ልብስ ገዛች፣ ተጠቀለለችበት፣
"ቀለሙ እንዴት ያምራል!" አለች፣ ጉንጯን እያሻሸችበት።
ዝም አልኩ። ሰኞ ነበር።
ምን ብዬ ልናገር?
ድልድዩን ስናልፍ ግን አየችው፣ የሚፈስሰውን፤
ዞራ ትከሻዋ ላይ አየች፣ የለበሰችውን።
ቁጣ ጠበቅሁ። "አባቴም" አለች፣ ቀስ ብላ፣
"የጀልባውን ዘይት ባሕር ይደፋል፣ ጨለማን ከለላ
አድርጎ፤ ጠዋት ደግሞ እዚያው መረቡን ይጥላል፣
ዓሣውን ይረግማል፣ 'ወዴት ሄደ?' ይላል።"

ከሰዓት ጣርማበር ወጣን። ዝናብ ያዘን።
ከመኪናው ወርደን፣ ጠርዙ ላይ ቆመን፣
"ይህቺ ጠብታ" አልኳት "ወደ ምዕራብ ከወደቀች፣
ጀማን፣ ዓባይን አልፋ አንቺ ቤት ደረሰች፤
አንድ ክንድ ወደ ምሥራቅ ነፋስ ከገፋት ግን፣
ገደሉን ወርዳ ሮቢን፣ ከሮቢ አዋሽን፣
ከዚያ አቤን፣ ጨው ሐይቁን፣ ከጅቡቲ የምንጋራው፤
ባሕር ሳታይ ትቀራለች፣ ፀሐይ ነው እዚያ ሁሉን የሚጠጣው።"
እጇን ዘረጋችው፤ መዳፏ ሞላ፣ ፈሰሰ፤
ግማሹ ወዲህ ቀረ፣ ግማሹን ነፋስ ወዲያ አደረሰ።
"እኛስ አምስት ዓመት ተጨቃጨቅን ለፊርማ፤
ይህን ነፋስ ማን ያስፈርመው?" ሳቋ ከጭጋጉ ውስጥ ተሰማ።

ማታ ቢሮ ገባሁ፤ ቅጹን ገለጥኩና፣
ዜሮዋን አልሰረዝኩም፤ አናቷን አሾልኩና
ነጠብጣብ አደረግኋት።
ጋሽ ሸዋንግዛው በማግሥቱ አይቶ፣ "ይቺ ምንድን ናት?"
አለ። አልመለስኩለትም። ማኅተሙን ግን መታባት።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
የማቅለሚያው ዘበኛ፣ ተክለየስ፣ አጥሩን ተደግፎ
ስቀዳ ያየኛል፣ የካፖርቱን አንገት አጣጥፎ።
"ለማን ነው?"
"ደምያጥ ላለ ዓሣ አጥማጅ።"
"ዘመድህ ነው?"
ጠርሙሱን ከደንኩ፤ ቀኑን ጻፍኩበት፣ ሰዓቱን፤
"እንጃ" አልኩ፤ "ውሃው ግን ያውቃል ቤቱን።"