ማን ሞተብሽ?

ጠባሴ መንገድ ዳር፣ ከአባቴ ብየዳ ቤት፣
ግማሽ ጠረጴዛ የእኔ፣ ግማሹ የእሱ ብረት።
ብርዱ ሳይለቅ በጠዋት፣ ጉጠቴን በብብቴ አሙቄ፣
ሰው የጣለውን እዘረጋለሁ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ አድርቄ፦
ከጣርማበር መታጠፊያ የለቀምኩት የመኪና መስታወት፣
ስኳር የመሰለ ድቃቂ፣ ጭጋግ ያሳተው ሾፌር ሀብት፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ደጅ የተቆረጠ ቀይ ጠርዝ፣
የባጃጅ ከመነዳሪ፣ ጥቁር፣ ሲስቡት የሚመዘዝ፤
የሞተ ሞባይል ሆድ ዕቃ፣ አረንጓዴ ከተማ የመሰለ፣
መንገዱ ሁሉ መዳብ፣ ነዋሪ ግን የሌለ።

ከእነዚህ የደረት ጌጥ እሠራለሁ።
ወርቅ አልነካም። አበባና ቢራቢሮ አልቀርጽም።
አንድ ጠማማ መስመር ይበቃኛል፤ ካልጠመመ አላምነውም።

የመጀመሪያውን ብሮሽ ካፖርቴ ላይ ሰክቼ፣
ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ አንገቴን ትንሽ አቅንቼ።
ሽንኩርት ሻጯ ውዳላት ሚዛኗን ጥላ መጣች፣
«እኔን ልጄ! ማን ሞተብሽ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

እውነቷን ነው። በእኛ ከተማ ደረት ላይ የሚሰካ
የሟች ፎቶ ነበር ለካ፤
በላስቲክ የታሸገ ፊት፣ ከሥሩ የልደትና የሞት ዘመን፣
በመርፌ ቁልፍ ተይዞ እስከ አርባው ቀን።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ጌጥ ነው» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው፤
መስታወቱን፣ ቀዩን ክር፣ ከመነዳሪውን በጣቷ ነካችው።
«ጌጥ?» አለች። «እንግዲህ ጌጥ ካልሽው…» ግማሽ ኪሎ መረቀችልኝ፤
ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም፣ ዓይኗ እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

ከዚያ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ይኼንኑ ይጠይቃል።
አባቴ የብየዳ መነጽሩን ገልጦ ይስቃል፦
«ይኸው ቤታችን በየሳምንቱ ሰው ይሞታል።»

ጋሽ ተክለየስ የመጣው በጥቅምት፣ ውርጭ በጣለበት ጠዋት፤
ጣቶቹ ጎብጠዋል፣ ሱፍ ሲያበጥር ኖሮ ሠላሳ ዓመት።
ካኪ ፖስታ ከጉያው አውጥቶ ከጠረጴዛዬ አኖረ፤
ቃሉ አልመጣለት ብሎ፣ ሁለቴ ውጦ ጀመረ፦

«ደብሪቱ ፎቶ የላትም። ሁለቴ ፎቶ ቤት ደጅ ደርሰን፣
ፀጉሬ ሳይሠራ ብላ፣ እየተሳሳቅን ተመለስን።
በለቅሶዋ ሰው ሁሉ ባዶ ደረቱን ይዞ ቆመ።
ያለኝ ምስሏ ይኼ ነው፤ ሆስፒታል የታተመ።»

ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ራጅ ነው፤ የደረት ራጅ።
ጎድኖቿ እንደ አጥር፣ ልቧ ጭጋግ የዋለበት ደጅ።
ከጥጉ ስሟ በነጭ፣ ዕድሜ፣ ሃምሳ ስድስት።
መቀሴን አነሣሁ፣ መለስኩት፤ እንዲህ አለፈ ቀን ሦስት።

በመጨረሻ ሦስት ጎድን ብቻ ቆረጥኩ፣ ከግራ በኩል፣
ጠርዙን በመዳብ ሽቦ ሰፋሁ፤ ስፌቱ አልሆነም እኩል።
ከኋላው፣ እንዳይበርዳት፣ ቀይ የብርድ ልብስ ቁራጭ አለበስኩት፤
እሱ ያበጠረው ሱፍ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁት።
ያኔ ነጩ አጥንት ቀላ፤ ፍም የቀረው ምድጃ መሰለ።
ጋሽ ተክለየስ ሲያየው ዝም። ኮቱን ከፍቶ «ስኪው» አለ።
ስሟ ያለበትን ጥግ በፖስታው መለስኩለት።

ቅዳሜ ገበያ አየሁት። ውዳላት ሚዛኗን ጥላ፣
«እኔን ጋሼ! ማን ሞተብህ?» አለችው፣ ሮጣ፣ ቸኩላ።
እሱ አንገቱን አቀና። ድንች መራጩ ሁሉ ሰማ፤
«ማንም። ጌጥ ነው» አላት፣ ደረቱን ወደ ፀሐይ መልሶ፣ ብርሃን እንዲስማማ።

በሳምንቱ ተመለሰ። መርፌው ጠብቆበታል፤
በዚህ ውርጭ ጣቱ አይታዘዝም፣ ሊነቅል ሲል ይደማል።
«ማታ ከራስጌዬ ላኖራት ብል እምቢ ትለኛለች» አለ።

ጉጠቴን ከብብቴ አወጣሁ። ሞቆ ነበር።
አላላሁለት። ብዙ አይደለም። ትንሽ።