ክሩ

ኦስትራቫ፣ ኅዳር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
ድሮ የከሰል ቆፋሪዎች የነበረ ሲኒማ ቤት።
ዝናቡ ጣራው ላይ ይሄዳል ድምፁን አጥፍቶ፣
ዘግይቶ እንደ ገባ ተመልካች አንገቱን ደፍቶ።

ሃያ ስምንት ሰው ነው። ወንበሩ ሦስት መቶ።
ሁሉም ፊልሙን ያውቀዋል፣ ቃል በቃል አጥንቶ፤
ግን በየዓመቱ፣ እርሳሱን ቀርጾ፣ ካፖርቱን አራግፎ፣
ከአንድ እስከ አሥር ሊፈርድ ይመጣል ተሰልፎ።

«የጨው ጨረቃ» ነው ፊልሙ፤ ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል።
ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ነጩ ግን ገርጥቷል።
መንኮራኩሯ፣ እውነት እንናገር፣ ድስት ናት ከነክዳኗ፤
ሁለት የመኪና መብራት ነው የተገጠመው ዓይኗ።
ሮቦቱ ሲራመድ የሰውየው ጫማ ከታች ይታያል፤
ጨረቃዋ ላይም አንድ ጊዜ ዝንብ አርፎ ይነሣል።
ራዲም ስለ ዝንቡ አንድ ነጥብ ይቀንሳል።
ሄድቪካ ለዚያው ዝንብ አንድ ነጥብ ትጨምራለች፤
«በዚያ ባዶ ዓለም ሕይወት ያለው እሱ ነው» ትላለች።

ከሁሉ ግን ክሩ።
በአርባ አንደኛው ደቂቃ፣ መንኮራኩሯ ስትነሣ፣
መብራቱ በጎን ሲመታት፣ ከበላይዋ አንድ ቀጭን ክር
ብልጭ ይላል፤ ዓሣ የሚጠመድበት ዓይነት።
አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ይሆናል።
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው፣ ጭብጨባ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም ወይ?
ይሄ አንዱ ብቻውን መርከብ ይዟል ሰማይ ላይ።

ዘንድሮ አዲስ ቅጂ መጣ፤ ታጥቦ፣ ታክሞ፣ ታድሶ፣
የእርጅናው ጭረት ጠፍቶ፣ ጥላው በጥቁሩ ነግሦ።
የጨረቃዋ ጨው ቅንጣት በቅንጣት ተቆጠረ፤
የካፒቴኗ እንባ፣ ሳይወርድ፣ ዓይኗ ላይ እንዳቀረረ ቀረ።

አርባ አንደኛው ደቂቃ።
ተነሣች። መብራቱ መታት።
ሰማዩ ንጹሕ።
የሳቀ የለም። ያጨበጨበም የለም።

መብራት ሲበራ ክርክሩ ፈላ።
ራዲም «ዘጠኝ!» አለ። «ዳይሬክተሩ ያለመው ይሄን ነው፤
ክሩ የኪሱ ነበር እንጂ የሐሳቡ አልነበረም፤ ዛሬ ተከፈለለት ዕዳው።»
ሄድቪካ «ዝንቡስ?» አለች። ዝንቡም የለም።
«ስድስት» ጻፈች፤ ሰረዘችው፤ «አምስት» ጻፈች።
የአሥራ ሰባት ዓመቷ ዩስቲና፣ ፊልሙን ገና ዛሬ ያየችው፣
«የምን ክር?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም።
እሷ አሥር ሰጥታለች፤ እጇ ገና ይንቀጠቀጣል።

ኦታካር መጨረሻ ላይ ተነሣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በጉድጓዱ አፍ፣ በሞተሩ ቤት፣
ሰው ሲያወርድና ሲያወጣ የኖረ ነው፤
አርባ ሰው በአንድ ገመድ፣ ስምንት መቶ ሜትር ወደ ታች።
ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ የሚጽፈው አሥር ነው፤
ምክንያቱን የጠየቀው አልነበረም።

«ዜሮ» አለ።

«እናንተ ስትስቁ እኔ ስቄ አላውቅም።
ያን ክር ባየሁ ቁጥር፣ ካሜራው ከማይደርስበት፣ ከላይ፣
አንድ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ክንዱን ‹እባክህ አትዛል› እያለ ሲለምን ይታየኝ ነበር።
አሁን አጠፋችሁት። ደግ።
ግን ንገሩኝ፤ አሁን ማን ይዟታል?»

ራዲም ወደ ጣራው ቀና አለ። ሌሎቹም።
ዝናብ ብቻ።

ቦዜና ወረቀቶቹን ደምራ አካፈለች፦ ስድስት ከሁለት።
አምና ስምንት ከዘጠኝ ነበር።
ሰዉ ጃንጥላውን እየፈለገ ወጣ።

ዩስቲና ግን ወደ ነጩ ሸራ ሄደች።
«የት ጋ ነበር?» አለች።
ኦታካር ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እንደ ድሮው፣ በእጁ ምልክት መራት፦
ወደ ግራ። ትንሽ ከፍ። ቀስ። ቀስ። ቁሚ።
ቆመች፤
ባዶው ሸራ ላይ ጣቷ ብቻ፣
አንዲት ነጥብ።