ጠፋህ

ጋን ጋን ይሉታል መንደሩን፤ ከሱም ወዲያ ማዶ
ሐምሌ ማለት ብርድ ነው፤ ሜዳው ነጭ፣ ሰማዩ ባዶ።
ዛፍ የለም በፓታጎኒያ፣ በዚህ በደረቁ ደጋ ላይ፤
እሾህ አለ፣ በግ አለ፣ ነፋስ አለ
የሚጋልብ ካፈር እስከ ሰማይ።

እኔ ጋዝ አዳይ ነኝ። ስልሳ ሲሊንደር ጭኜ
በወር አንዴ እዞራለሁ፣ እስካፍንጫዬ በሱፍ ተሸፍኜ።
የጋን መብራት ማለት ይኸው፤ ብረት ውስጥ የታሰረ ቀን፤
ጋዝ ከሚቀዳበት አገር፣ በመኪና ጋዝ የምናዞር እኛ ነን።
ሲሊንደር በጥፍር ሲመታ ያለውን ይናገራል፤
ሙሉው ያጉረመርማል፣ ባዶው ይዘፍናል።

የዚያን ወር ግን በረዶው መንገዱን ዋጠና
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ተዘጋሁ። የበረዶ ጠራጊው መኪና
ተሰበረ፤ ዕቃው ከትሬሌው ይምጣ ተባለ፤
መጣ፤ ልኩ አይደለም፤ ተመለሰ፤ በረዶው ግን እንዳለ አለ።

ምድጃ ሥር ተቀምጬ ደብተሬን ገለጥኩ፦
«ኤውሎሂያ አንቲለፍ፤ ሲሊንደር ሁለት፤ ቀሪ ዕዳ፣ አንድ የበግ ቆዳ።»
ሁለቱን አብቃቅታ፣ ቆጥባ፣ ለወር ብታደርሳቸው፣
ከወር ወዲያስ? ሒሳቡ እዚያ ቆመ።
እኔም አብሬው ቆምኩ።

በሃያኛው ቀን ደረስኩ። ከጣሪያዋ ጭስ አይታይም፤
ጋዝ ደግሞ ሲነድም ጭስ የለውም፤
ከሩቅ አይተህ «አለች» አትልም፣ «የለችም» አትልም።

ውሻዋ አልጮኸም፤ እጄን አሸተተና ተወኝ።
በሩን አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። ጉልበቴ ከዳኝ።
«ግፋው!» አለ ድምፅ፤ «ነፋስ ነው የዘጋው፣ እኔ አልቆለፍኩም።»

ወጥ ቤቱ መሀል፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ሲሊንደሩ ቆሟል እንደ ሰው
የሟቹን የሴጉንዶን ፖንቾ ለብሶ፤
አንገቱ ላይ ሻርፕ ታስሮለታል።
ኤውሎሂያ ግን በስስ ሹራብ፣ ጉልበቷን አቅፋ።
(ሴጉንዶ በሕይወት ሳለ ሲሊንደር በፈረስ ያመላልስ ነበር።
ሲሞት ፈረሱ ተሸጠ፤ ፖንቾው ቀረ።)

«ምነው፣» አልኳት፣ «ፖንቾውን አንቺ ብትለብሺው?»
«ብርዱ ሲጠና ጋዙንም ይበርደዋል፤
ከታች ይኮራመታል፣ አልወጣም ይላል።
እሱ ከሞቀው እኔንም ያሞቀኛል።
አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።»

ሥልጠና ላይ ነግረውናል፤ ልብስ ሙቀት አይወልድም፣
ያለውን ይጠብቃል እንጂ። ለሷ ግን አልነገርኳትም።

ቀን ቀን የበግ ኩበት፣ የእሾህ ሥር፤ ሌሊት ብቻ ጋዝ፣
ያውም ጣት በምታህል ነበልባል።
«ትናንት ሌሊት፣» አለች ማሞቂያውን እያየች፣ «ጠፋ።»
ከዚያ ወደኔ ዞራ፦ «አንተም ጠፋህ።»

አንዲት ቃል ናት፤ ለእሳቱም፣ ለእኔም፣
ነዳጅ ሊቆፍር ኮሞዶሮ ወርዶ
አራት ክረምት ላልተመለሰው ለኒካኖርም።
የልጇን ስም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

ፖንቾውን ሳወልቅ እጄ ፈራ፤
የተኛ ሰው የማራቁት መሰለኝ።
አዲሱን ገጠምኩ፤ መጋጠሚያውን ሳሙና ቀባሁ፤ አረፋ አልነፋም።
ክብሪት። አንዴ እንደ ሳል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣
ከዚያ ቀስ ብሎ የሚቀላ የሸክላ ፊት።

«ውሻው ሽታህን ያውቀዋል፣» አለች።
እውነቷን ነው። ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤
ፋብሪካ ነው የሚያገማው፣
ገዳይ ቤት ሲገባ ስሙን እንዲናገር።
ያ ሽታ ከእጄ አይለቅም፤ ሚስቴ ትራሷን ለይታለች።

ሁለት ቆዳ ሰጠችኝ፤ አንዱ ለዕዳው፣ አንዱ ለመጪው።
ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ፦ ፖንቾውን አራግፋ
አዲሱን ታለብሳለች፤ ሻርፑን እያሰረች
«አትጥፋ፣» ትላለች።
ለእኔ ይሁን ለእሳቱ አልለየሁም፤
ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር።

ባዶዎቹ ጋኖች ከኋላዬ
እስከ ጋን ጋን ድረስ እየተላተሙ ዘፈኑ።