የአርሜኒዮ ጡብ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ቫሌ ሴኮ፣ የጤና ጣቢያው ደጅ፣
ሰልፍ አለ፣ ሰው የለበትም፤ ዕቃ ነው የቆመው እንጅ፤
የዴኦሊንዳ ስንጥቅ ባልዲ፣ የወይራ ዘይት ጣሳ ባዶ፣
(ባለቤቱ መኪናው ውስጥ ያንቀላፋል፣ ከመንገድ ማዶ)
ከጭራው በድንጋይ የተጫነ ፌስታል፣ አራተኛ የኔ የግራ ጫማ፤
ከሁሉም ፊት፣ ከበሩ ሥር፣ የአርሜኒዮ ቀይ ጡብ፣
ስሙን በኖራ የጻፈበት፣ ሰው እንዳይስት ሲያነብ።

መስኮቱ ላይ ወረቀት አለ፦ «ለዛሬ ዐሥራ ሁለት ቁጥር»።
ዐሥራ ሦስተኛው ሕመሙን ይዞ ይሄዳል፣ ሳምንት ሊያሳድር።
ሐኪሙ ማክሰኞ ብቻ ይመጣል፣ እሱም መንገድ ካልያዘው፤
«በቅርቡ» ይላል ሊዝቦን፤ ቃሉን አኝከን ጨረስነው።

በዚህ በር ታምኛለሽ ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ፣ አላውቅም፤
ሰልፉን ግን አምነዋለሁ፤ ጡብን ጣሳ አይቀድምም።

ልጅ ሳለሁ መንግሥት ማለት ነርስ ኢልዳ ነበረች፤
በሞተር ብስክሌት፣ በጭቃ፣ የበረዶ ሣጥን አዝላ መጣች፤
«አይዞሽ» አለችኝ፤ መርፌው ወጋኝ፣ አለቀስሁ፤
እናቴ እጇን ስትስም ግን አየሁ፤ እሱን አልረሳሁ።
ከዚያ መሳም ነው እስካሁን እየቆነጠርሁ የምኖረው፤
የድስቱ ሥር መታየት ይዟል፤ ማንም አልጨመረው።

ሊነጋጋ ሲል ስልክ ጮኸ፤ ዴኦሊንዳ አነሳች፤
ሰማች፣ ሰማች፣ ከዚያ «አርሜኒዮ» ብላ ግንቡን ተደገፈች።
ጡቡን ማታ አኑሮ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
ወንበሩ ላይ ደረቀ አሉ፤ ልቡ ማክሰኞን ሳይጠብቅ።

ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ግራሳ ተጣራች፦
«አንደኛ! አርሜኒዮ!»
ዝም።
ማንም ጡቡን አልተሻገረም፤ ተራ ሌባው የጣሳው ጌታ እንኳ
መሬት መሬት እያየ ቆመ፣ የኮፍያውን ጠርዝ እየነካ።
ዴኦሊንዳ ወደ ጭራው ሄደች፤ ተመለሰች ሱንማያን ይዛ፣
ያቺን ከኔፓል የመጣች እንጆሪ ለቃሚ፣
በትኩሳት የሚነድ ልጅ አቅፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፈዝዛ።
ከጡቡ አጠገብ አቆመቻት። «አርሜኒዮ ይኸውና» አለች።
ግራሳ ዝርዝሩን አየች፤ ጡቡን አየች፤ ሕፃኑን አየች።
ደንቡን ታውቀዋለች፤ እንደምታውቀውም እናውቃለን፤
ማኅተሙ «ጧ» ሲል ነው ትንፋሻችንን የለቀቅን።

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጡቡን በሁለት እጇ አነሳችው፤
ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው፣ ከመቃኑ ሥር አኖረችው።

ጫማዬን አጠለቅሁ። ጤዛ ጠጥቷል።
አሁን ሦስተኛ ነኝ መሰለኝ፤ ወይም አራተኛ።
አልቆጠርሁም።