ከእግራችን ሥር የነበረው

አንሙት ከፔዳ ግቢ በፍላሽ ይዞት መጣ፤
"ነጻ ነው" አለኝ፣ "አንዲት ብር ከኪስሽ ሳትወጣ፣
ፈቃድ አይጠይቅሽ፣ ሠላሳ ቀን ቆጥሮ አይዘጋም፣
እንደ ሐይቁ ነፋስ ነው፣ ባለቤትም የለው ዋጋም።"
አሮጌው ኮምፒውተሬ እያቃሰተ ጫነው፣
ከውጭ ለሚሰማ ሰው የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው።

የእናቴን አልበም ፈታሁ፣ ክረምት ያሳበጠውን፣
ላስቲኩ የፎቶውን ፊት ይዞ የቀረውን፤
አንድ በአንድ በስልኬ አነሳሁ፣ በረንዳው ላይ፣ በጥዋት፣
ፀሐይ ከዘንባባው ጫፍ ወርዳ ሳታደርገው መስታወት።

ማታ፣ ሽምብጥ ጸጥ ሲል፣
ጣት የማይቆርጥ መቀስ፣
እጅ የማያጣብቅ ሙጫ፣
ወረቀት የማይልጥ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ።
ሌየር ነው ይሉታል፤ ለእኔ ጋቢ ሆነ፣
ድርብ ላይ ድርብ ነው፣ አንድ መስሎ የተሸመነ።
ከሥር የደንገል ምንጣፍ፣
በላዩ የዘጌ ጀልባ ትኬት፣ ግማሹን ምስጥ የበላው፣
የአባቴ የጨርቃ ጨርቅ መታወቂያ፣ ለለቅሶው ልናሳድግ ፎቶውን የገነጠልነው፣
ዳር ዳሩን የእናቴ ቀሚስ ጥልፍ፣
አሳንሼ፣ ገልብጬ፣ ጥግ ጥጉ ላይ አጥፌ።
ርዕስ ልጽፍ ስል ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ፣
አንሙት በስልክ እየመራኝ፣ በስንት ልፋት "ሀ" መጣ።

የዘንድሮውን ሐይቅም ጨመርኩ፣ ከወደቡ ያነሳሁትን።
እንቦጩን በማኅተሙ መሣሪያ እያየሁ አጠፋሁ፣
ከመሃል ንጹሕ ውሃ እየቀዳሁ ዳሩ ላይ ደፋሁ።
በዚያ ማዶ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ
በእጁ ይነቅለዋል፣ ጀርባው እስኪጎብጥ ለፍቶ፤
እኔ ጋ በጠቅታ!
ትንሽ አፈርኩ። ግን አማረ። ተውኩት።

ቀጥሎ የፋሲካው ማግስት፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፤
እናቴ በአረንጓዴ ሻሽ፣ ፀሐይ ዓይኗን ያጨናበሳት፣
እኔ፣ ብስኩት በእጄ፣
አንሙት በአንድ እግር ጫማ፣ አፉን ለለቅሶ የከፈተ፣
ከኋላችን ታንኳ።
ከእግራችን ሥር ግን፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ ረጅም ጥላ፣
ሁለቱን ክርኑን እንደ እንስራ ጆሮ ከፍቶ።
ፎቶውን አበላሽቶታል።
ከጎን ሣር ቀዳሁ፤ ከራሱ ጀምሬ አለበስኩት፣
እስከ ወገቡ፣ እስከ ፎቶው ጠርዝ፣ ሣር በሣር አደረግሁት።
እማን ጠራኋት።

በክር ያሰረችውን መነጽር አድርጋ ጎንበስ አለች፣
ቆየች።
"አባታችሁስ?" አለች።
"አባባ እኮ የለበትም፣ እማ። በየትኛውም የለበትም።"
"እዚህ ነበረ።" ጣቷን እስክሪኑ ላይ፣ እኔ በዘራሁት ሣር ላይ ጫነች፤
"ልየው እዚህ ነበረ። በእቁብ የገዛት ዜኒት ዓይኑ ላይ ተደግና፣
'ፀሐይዋ ከኋላዬ ትሁን' ይላል፣ 'ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ አሁንም ገና።'
አንሙት ዝም እንዲል በአፉ እንደ ወፍ ያፏጭለት ነበር።"

ኮንትሮልና ዜድ።
ሣሩ ተገፈፈ፤ ወገብ መጣ።
ኮንትሮልና ዜድ፤ አንዱ ክርን፣
ሌላው ክርን፣
አንገት፣
በመጨረሻ ራሱ፣ ነጭ ካልሲዬ አጠገብ ያረፈው።
መብራት ድርግም ሳይል ብዬ፣ ከእጄ ጋር እየታገልኩ፣ አስቀመጥኩት።

ቆርጬ ለብቻው ድርብ ሰጠሁት። ከዚያ አማረኝ፤
"በሌሎቹም ላይ ላድርገው?" አልኳት፣
"የአንሙት ክርስትና ላይ? ቤዛዊት ኮረብታ የወጣን ቀን?"
አንድ በአንድ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየች።
"ያን ቀን ደመና ነበር" አለች፣
"ጥላ አልነበረውም። ውሸት አትጨምሪበት።"

መነጽሯን አውልቃ ልትተኛ ገባች።
ስለ ሐይቁ አልነገርኳትም።