ጥርሱ የጎደለ

አባቴ በቅሎ ሲገዛ፣ ሰኞ ገበያ ቆሞ፣
ከንፈሯን ገልጦ ጥርስ ያያል፣ የሻጩን ምላስ ለጉሞ።
እኔ ልጁ ራፖር ጸሐፊ፣ ደሴ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ፣
ሃያ ስድስት ዓመት በታይፕ የሰው እንባ ነጠላ ሰረዝ ሳደርግ፣
ሪባኑ ከገበያ ጠፋ። አሮጌውን ቀለም ብነክረው፣
"ከሳሽ" ያልሁት ተሰውሮ "ተከሳሽ" ብቻ ነው የቀረው።
"ይሄ አይነበብም" አለች የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ እያገላበጠች፤
"በኮምፒውተር ይሁን፣ ጋሼ።" ማህተሟን ቆልፋ ወጣች።

ዕቁብ ደረሰኝ። ሃያ ሁለት ሺህ፣ በካልሲ ጠቀለልሁት።
ዘምዘም ከበር ያዘችኝ፤ ቁጣዋን ከሳቋ መለየት ያቃተኝ ዕለት።
"ለቤትም እኮ አስብ፤
መብራት በሄደ ቁጥር ልጅቷ በኔ ስልክ ስታነብ
ስልኬ ይሞታል፤ እናቴ ብትታመም ማን ይንገረኝ?
ቻርጅ የሚሆን ፋኖስ ቢጤ፣ ከተረፈህ አንድ አምጣልኝ።"
"አብሽሪ" ብዬ ወጣሁ።
"ከተረፈህ" ያለችው ግን እስከ ፒያሳ ተከተለኝ።

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ የሱቁን መስታወት ልሶታል፤
ውስጡ ግን ሁሉ ያበራል፣ ሻጩም እንደ ዕቃው ያበራል።
"ኮር አይ ፋይቭ ነው" አለኝ፣ "ራሙ ስምንት፣ በጣም ፈጣን።"
"ኮር ካለው ኮርቻም አለው?" አልሁት።
አልሳቀም። ዋጋውን ነገረኝ። እኔም አልሳቅሁም።
እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አወጣ፣ እጄ ላይ አሠረው።
"ልጄ፣ እኔ የምቆጥረው ዳገቱን ነው" ብዬ ፈታሁት።
"ሲበላሽስ ማን ያየዋል?"
"አይበላሽም።"
በቅሎዬ አትታመምም ያለ ሻጭ፣ አባቴ
ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ ነበር ጥሎት የሚሄደው።

ስወጣ መጀመሪያ ፋኖሱን ገዛሁ፤ ሺህ ስድስት መቶ።
"ከተረፈህ" የምትል ቃል እዚያው ትቅር፣ መንገድ ላይ ሞቶ።

ደረጃው ሥር ሙሔ አለ፤ ጠረጴዛው የትምህርት ቤት ዴስክ፣
በብስኩት ካርቶን የተሞላ የሞተ ኮምፒውተር አንጀት፣ የሞተ ስልክ።
አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገፋ አደረገልኝ፣ ክዳኑ የተፋቀ፤
ገና ሳልጠይቀው በነውሩ ጀመረ፣ ምንም አልደበቀ።
"ባትሪው ሁለት ሰዓት ነው፤ ሦስት ካልሁ ወላሂ ዋሸሁ።
ማጠፊያው ይላላል። ደግሞ አንድ ቁልፍ የለውም።"
ጥርሱን ቆጠርሁ፤ በአውራ ጣቴ፣ ረድፍ በረድፍ።
የጎደለችው ኤፍ ነበረች፤
"ፍ" የምትወጣባት።

አይ ሙሔ! ከሆድ ዕቃው ሁሉ ይህቺን?
"ለተከበረው ርድ ቤት" ልበል? "ትሕ ይሰጠኝ ዘንድ" ልበል?
ፍቺ ፈልጋ የመጣችን ሴት "ቺ" ብዬ ልሸኛት?
ልጁ እስኪያነባ ሳቀ። ከዴስኩ ሥር ሲሊፐር አወጣ፣
ከተረከዙ ቆረጠ፣ የጥፍር ታህል፣ በሙጫ አጣበቃት፤
"ጠበቅ አድርገው ይጫኗት፣ ጋሼ። ብትወልቅ እኔ እዚሁ ነኝ።"
እኔ እዚሁ ነኝ። ይህን ነበር የፈለግሁት፤
የትኛውም ካርቶን ላይ አልተጻፈም።
በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ተስማማን፤ ፍላሽም መረቀልኝ።

ማተሚያ የለኝም። በፍላሽ ይዤ ጎረቤት እሮጣለሁ፤
ገጹ አምስት ብር፤ ሰልፍ ሲበዛ ቆሜ እጠብቃለሁ።
ማታ ዘምዘም ፋኖሱን ትሰቅላለች፤ ልጅቷ ታነባለች፤
ስልኩ በሕይወት አለ፤ አማቴም ደህና ናቸው፣
በየቀኑ መደወል ጀምረዋል፤ ይህን አላሰብሁትም ነበር።

ትናንት አንድ አዛውንት ከኩታበር መጡ፤ የወሰን ክርክር።
እኔ ስጽፍ እሳቸው ጣቴን ያያሉ፤ ማንበብ አይችሉም፤
ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ለስላሳ፤ ከዚያ ጧ! ደግሞ ለስላሳ፣ ጧ!
"ምነው ጌታው፣ አንዷ ጋ ሲደርሱ ብቻ እጅዎ የሚጠነክር?"
"እሷ ጋ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ አባቴ" አልኋቸው፤
"ካልመቷት አትወጣም።"
ራሳቸውን ነቀነቁ፤
ስለ ቁልፍ ማውራቴ አልመሰላቸውም።