ተኝታ የምታስቅ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ስድስት ሴቶች አለን፣ አልጋ በአልጋ ላይ።
ሐሙስ ማታ ስልኩ ከስኳሩ ጣሳ ይደገፋል፤
ከዚያ ጭቅጭቅ ነው፤ ማን ያስቃል? ማን ይለፋል?

ትርሲት የማስረሻ ናት። ያ የሚጮኸው፣
ቀልዱ ሳይጀመር ሳቁ የሚቀድመው፣
የሰፋ ኮት ለብሶ፣ ከንፈሩን አጣሞ፣
ማይኩን የሚያኝከው እንደ ቆሎ ቅሞ።
እኔ አይሆንልኝም። ሳቅ ሲለምነኝ ሰው
ዝርዝር እንደሌለኝ አንገቴን ነው የምደፋው።

አጸደ የምትወደው ቀጭኑን ነው፣ ባለመነጽሩን፣
እንደ በርበሬ አስጥቶ የሚያሳየንን ትዳሩን።
«ሚስቱ ግን ትስቃለች?» ብዬ ስጠይቃት፣
«በሷ ቀልድ አይደል እንዴ ቤት የሠራላት?»

ከድጃ ወሬ አትፈልግም። የሚወድቅ ሰው ይበቃታል።
ቀኑን ሙሉ «ያዳልጣል» የሚል ቢጫ ሰሌዳ
ሞሉ ውስጥ ስትተክል ትውልና
ማታ የሚወድቅ ሰው ናፍቋት ትመጣለች።

የኔ ጉልላት ነው። ይወጣና ዝም።
ውሃውን ይከፍታል፤ ግን አይጠጣም።
ኪሱን ይዳብሳል። ጣራውን ያያል።
አንዱ ከኋላ ያስላል።
የሰው ትዕግሥት ሊበጠስ አንድ ክር ሲቀረው
«ቆይ፣ በሩን ዘግቼዋለሁ?» ይላል። አለቀ፤ ቀልዱ ያው ነው።
«ይሄማ እንቅልፍ ነው» ትርሲት ታፌዛለች።
ትበል። ማስረሻ ያጎርሰኛል፣ ያንቀኛል፤
ጉልላት ግን ትሪውን አስቀምጦ ፊቱን ያዞርልኛል።

ባለፈው ጥር ማስረሻ ዱባይ መጣ።
መቶ ሃያ ድርሃም ከያንዳንዳችን ወጣ።
ትርሲት በኔ ጫማ፣ እኔ በሷ ሻርፕ፣
ሁለት ባስ ቀይረን ደረስን።
ስለኛ ጀመረ፦ «ካረብ አገር የመጣችዋ!
ሻንጣዋ ሰማንያ ኪሎ፣ እሷ አርባ!
ላሚቱን ‹የላ! የላ!› እያለች ስትነዳት...»
አዳራሹ ፈረሰ። አዳራሹ ማነው?
እኛው ነን፣ ባለ ሰማንያ ኪሎዎቹ።
እኔም ሳቅሁ፣ አልክድም፣ እንባዬ እስኪመጣ።
ስንመለስ ነው፣ ባሱ የመጋዘኖቹን መብራት ሲያልፍ፣
በሆዴ ራሴን የመዘንኩት። አርባ ስምንት ነኝ።
ስመጣ ስልሳ ነበርኩ።
የቀረው የት ሄደ? እሱን አልቀለደበትም።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን
የኔ ምርጥ ትኬት የላትም፣ ማይክም የላትም።
ዙበይዳ ናት፣ የባቲ ልጅ፣ ከራሴ በላይ የምትተኛዋ።
ስታንዳፕ ማለት ቆሞ ማሳቅ ነው አሉ፤
እኛ ቆመን ነው የምንውለው፣ መወልወያው አብሮን ቆሞ።
ዙበይዳ ተኝታ ነው የምታስቅ።

መብራት ይጠፋል። ኤሲው ባልዲው ላይ ጠብ... ጠብ...
ግድግዳው ስስ ነው፣ አለቃችን ከወዲያ ትተኛለች።
ዙበይዳ ትጠብቃለች። ከጉልላትም አብልጣ ትጠብቃለች።
እንቅልፍ አንድ ዓይኔን ሲወስደው፣ በሹክሹክታ፦
«ስምንት ዓመቴ እዚህ አገር።
አንቱ ያለኝ ሊፍቱ ብቻ ነው።
‹እባክዎ፣ ከበሩ ራቅ ይበሉ።›»

መጀመሪያ የሚስቀው አልጋው ነው፤ ብሎኑ ሲጥ፣ ሲጥ።
ትርሲት፣ የማስረሻዋ ትርሲት፣ ፎጣ ነክሳለች፤
አጸደ ትራሷ ውስጥ ገብታለች።
ልክ ዝም ስንል፣ ትንፋሻችንን ስንሰበስብ፣
«ትናንት ተበላሸ» ትላለች ከላይ፣
«አሥራ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁት።
አንቺ ሆኜ።»

አንድ አርብ ለመንኳት፦ «የሐበሻ ምሽት አለ፣
አምስት ደቂቃ ይሰጡሻል፣ መድረኩ ላይ ቁሚ።»
ወደ ግድግዳው ዞረች።
ቆየች። ውሃው ባልዲው ላይ ጠብ አለ።
«ከቆምኩማ» አለችኝ፣ «ሥራ ገባሁ ማለት ነው።»

ብሎኑ ሲጥ አለ።